ዙማሮ የሚባል ጎሳ

ኩስኒያ ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አፏን ሞልታ የምትናገረው ነው። ጃዋ ደሴት ላይ ባለችው ከተማቸው በፔካሎንጋን ዓሣ ገበያ ስትገባ ሻጮቹ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። የዓሣውን ዓይን አፍጥጣ ታያለች፣ ሆዱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ሚዛኑ ባዶውን ምን እንደሚል ካላየች ንክች አታደርግም። ባሏ ካርኖቶ አንድ ቀን ለጎረቤቶቹ፣ «እሷ እኮ መልአከ ሞት ቢመጣባት መታወቂያውን ሳታይ ነፍሷን አታስረክብም» ብሎ ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። ኩስኒያም አብራ ሳቀች። ቤት ሲገቡ ግን ከሁሉም አብዝቶ የሳቀው ማን እንደነበር ጠየቀችው።

ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈችው ባንጋው በሚባል ሽርጥ ሸምኖ የሚሸጥ ቤት ነው። በመጠቅለያ ክፍል ጀምራ፣ ቀስ በቀስ የደንበኞች መዝገብ እጇ ገባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚያስለቅቃት አልተገኘም። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ሰፊ ሽርጥ እንደሚወድ፣ የማን ቤት ከመስጊዱ ጀርባ አረንጓዴ አጥር ያለው እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት እሷ ትናገራለች። ባለቤቱ ሐጂ ሙስታቂም እንግዳ ሲመጣባቸው፣ «ይቺ መዝገቤ ናት» እያሉ ያስተዋውቋት ነበር። ደስ ይላታል፤ ፊቷ ላይ ግን አይነበብም።

የባንጋው ሽርጥ አብዛኛው የሚሸጠው በሱቅ አይደለም። በየከተማው ያሉ ሴቶች ናቸው የሚያሻሽጡት። ሴትየዋ ከምታውቀው ሰው ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ለኩስኒያ በስልክ ትልካለች፣ ቤቱ ዕቃውን ጠቅልሎ በቀጥታ ለገዢው ይሰድዳል። እሽጉ ላይ ግን ላኪ ተብሎ የሚታተመው የአሻሻጯ ስም ብቻ ነው። የቤቱ ስም አይነሳም፤ ውስጡም ብጣሽ ወረቀት አይገባም። ገዢዋ ዕቃውን የገዛችው ከምታውቃት ሴት ነው፤ ሴትየዋ ከየት እንዳመጣችው የራሷ ጉዳይ ነው። ይህን የጻፈው ሰው የለም፤ የሚጥሰውም አልነበረም።

እንዲህ ካሉት አርባ ሁለት አሻሻጮች አንጋፋዋ በጎረቤት ከተማ በባታንግ የምትኖረው ዙማሮ ናት። በሐጂው አባት ጊዜ በእጅ ሸማኔነት ሠርታለች። የሞተር መሸመኛው ሲመጣ ወደ ቤቷ ተሰናበተች፤ በዓመቱ ባሏ ሞተ። ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ በማሻሻጥ ነው። ደንበኞቿ ሐሙስ ሐሙስ አብረዋት ቁርኣን የሚቀሩ ሴቶች፣ የእነሱ ዘመዶች፣ ሆንግ ኮንግና ታይዋን በሰው ቤት እየሠሩ ለኢድ ለአባቶቻቸው ሽርጥ የሚያዝዙ ልጆች ናቸው። የእያንዳንዱን አባት ቁመት በቃሏ ታውቃለች። በእድሜ ስለምትበልጣት ኩስኒያ «ዩ ዙማሮ» ትላታለች፤ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው። ኩስኒያ ሚዛኑን ሳታይ የምትቀበለው ሰው ካለ እሷ ናት።

አሁን ነገሩ ወደተወሳሰበበት ቦታ ልግባ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባንጋው ቤት ኦንላይን ገበያ ሲገባ፣ የደንበኛ መመዝገቢያው ሁለት ስም ጠየቀ፦ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም የሚለው ዓምድ አጠገብ ቀይ ኮከብ አለ፤ ካልተሞላ አያሳልፍም። የኛ የጃዋ ሰው ደግሞ፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያለው፣ ስሙ አንድ ብቻ ነው። ቱሚራ ቱሚራ ናት፤ ከዚያ ወዲያ የላትም። ሌሎች ቤቶች ያንኑ ስም ሁለቴ ይጽፋሉ፣ ወይም ነጥብ አድርገው ያልፋሉ። ኩስኒያ ግን ያን ባዶ ቦታ እያየች፣ ይሄ ሁሉ ዓምድ ዝም ብሎ ከሚባክን አለች፤ የአሻሻጯን ስም ከተተችበት። ቱሚራ፣ ዙማሮ። ፓይመን፣ ዙማሮ። የማተሚያው ሠራተኛም እሽግ ላይ የላኪ ስም ከዚያ ዓምድ እየተነሳ እንዲታተም አስተካከለላት። እሱ ካሊማንታን ደሴት ከሄደ ቆይቷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ እሽግ አልተሳሳተም፤ ምስጢሩን የምታውቀውም እሷ ብቻ ቀረች።

በዚህ መሃል ፖልታክ ሲሆምቢንግ መጣ። ሱማትራ ደሴት፣ ሜዳን ከተማ ተወልዶ ያደገ የባታክ ብሔር ሰው ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ግንባሩ ገና ከአሁኑ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ድምፁ ደግሞ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ጠብ የሚፈልግ የሚመስል። ሐጂ ሙስታቂም አዲስ የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ገዝተዋል። በሱቅ፣ በድረ ገጽ፣ በኦንላይን ገበያና በስልክ መልእክት የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አንድ ቦታ እንዲገባ ነው። አራቱም ቦታ ዓምዶቹ በየራሳቸው ስም ይጠራሉ። የፖልታክ ሥራ ያኛው ዓምድ እዚህ የትኛው ውስጥ እንደሚፈስ መስመር በመስመር ማገናኘት ነው፤ ለዚህም ኩስኒያ አጠገብ ወንበር ስቦ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ።

ኩስኒያ ገና ወንበሩን ሲስብ ነበር የገባት፣ ወይም የገባት የመሰላት። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሽርጥ ቤት ውስጥ ማስሊካ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። አንድ ኮምፒውተር አዋቂ መጣባት፤ የምታውቀውን ሁሉ ወር ሙሉ አስረዳችው፤ ሲጨርሱ አንድ የሩዝ ማብሰያ ሸልመው አሰናበቷት። ማስሊካ አሁንም ሩዝ በፈላ ቁጥር ታለቅሳለች ይባላል። ኩስኒያ ለሩዝ ማብሰያ ብላ አፏን የምትከፍት አልነበረችም።

«ቡ ኩስኒያ፣ ይሄ ማስታወሻ የሚለው ውስጥ 'ውሻ የለም' ይላል። ምን ማለት ነው?» አላት በመጀመሪያው ቀን። ቡ ትልቅ ሴት፣ ፓክ ትልቅ ወንድ፣ ማስ ደግሞ ወጣት ወንድ በአክብሮት የሚጠራበት ነው።

«ውሻ የለም ማለት ነዋ።»

«ለምን ተጻፈ ማለቴ ነው።»

«ዕቃ አድራሹ ውሻ ይፈራል።»

ፖልታክ በቁም ነገር ጻፈው። ይጻፈው! አለች በሆዷ። የጠየቃትን ትመልሳለች፤ ያልጠየቃትን ብትሞት አትናገርም። ስልኩ ሲጮህ ጆሮዋ ይቆማል። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ሰዓቱን ትመዘግባለች። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ደግሞ ላፕቶፑን እንደማይዘጋው አየች፤ ይህን ያህል የተዝረከረከ ሌባ ስላላየች ጥርጣሬዋ ጨመረ።

በዘጠነኛው ቀን ያ ዓምድ ላይ ደረሱ።

«ይሄኛው የቤተሰብ ስም ነው አይደል?»

«የቤተሰብ ስም ይላል እኮ። ማንበብ አትችልም እንዴ ማስ ፖልታክ?»

«እሱንስ እችላለሁ» ብሎ ሳቀ። «ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዙማሮ ይባላል። የጃዋ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም ሲሉ ነበር የምሰማው።»

የዘጠኝ ዓመቱ ብልሃት እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበር። ይህን ካስረከበችው ከዚያ በኋላ እሷ ለምን ታስፈልጋለች? የሩዝ ማብሰያው ፊቷ ላይ ተደቀነ።

«እኛ አካባቢ አለ» አለች። «ትልቅ ዘር ነው። ባታንግን ሞልቷታል።»

«እና ደግሞ የአሻሻጭ ስም የሚገባበት ዓምድ በድሮው መዝገብ አላገኘሁም። በአዲሱ አለ። በድሮው የለም?»

«የለም።»

ፖልታክ ፊቱ በደስታ በራ። «እኛ አገርማ ገበያ መሃል ቆመሽ ሲሆምቢንግ ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ሰው ይዞራል! ይቅርታ ቡ፣ አንቺ አልኩ። እንግዲህ ዙማሮዎችም እንደኛ ናቸዋ!» አለና ወረቀቱን አዞረላት። እሷም እንደሌላው መስመር ሁሉ አጠገቡ አጭር ፊርማዋን አኖረች።

ማታ ለካርኖቶ ነገረችው። «ዛሬ ያን የሜዳን ሰው ጉድ ሠራሁት።»

ካርኖቶ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ምስኪን» አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ ፖልታክን ነው ብላ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዙማሮን ልትጎዳ አላሰበችም። ዓምዱ እስካለ ድረስ እሽጉ እንደ ድሮው የዙማሮን ስም ይዞ ይወጣል ብላ ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር የላኪን ስም የሚያነሳው ከአሻሻጭ ዓምድ መሆኑን አላወቀችም። ያ ዓምድ ባዶ የሆነ ደንበኛ ደግሞ የቤቱ የራሱ ደንበኛ ተብሎ ይቆጠራል። ፖልታክን ብትጠይቀው በደስታ ይነግራት ነበር። እንዳትጠየቅ ብላ ግን መጠየቁንም ትታዋለች።

ረመዳን በገባ በሳምንቱ ሐጂ ሙስታቂም ለቤቱ ደንበኞች ሁሉ የበዓል መልእክት ይላክ አሉ። ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ላከ፦ «ክብርት ቱሚራ ዙማሮ፣ ባንጋው ሽርጥ ቤት መልካም ጾም ይመኝልዎታል። ለኢድ ሽርጥዎን ከሸማኔው በቀጥታ፣ በሸማኔው ዋጋ ያግኙ።» ዋጋው ከሥር አለ፤ አሻሻጮቹ ከሚሸጡበት ያነሰ ነው። በማግስቱ ጠዋት የኩስኒያ ስልክ ጮኸ።

«ኩስ» አለች ዙማሮ። ድምፅዋ ደርቋል። «ሌባ ገብቶብናል።»

«ምን ሆንሽ ዩ?»

«ደንበኞቼን አንድ ሰው ወስዷቸዋል። ሁሉንም። ዋጋውን ነግሯቸዋል፤ የእኔንም ስም እላያቸው ላይ ለጥፎባቸዋል። ቱሚራ ተነስታ፣ ሴቶቹ ሁሉ ቁርኣን ይዘው በተቀመጡበት፣ 'አሥራ አንድ ዓመት ስትበዪን ኖረሻል' አለችኝ። አንዷ እንኳ ተይ አላለቻትም። ወላሂ ኩስ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

የኩስኒያ ደም ፈላ። «ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ! ገና ሲመጣ ነው ያወቅሁት። ዩ፣ አንቺ ዝም በይ፤ ለኔ ተዪው!»

ፖልታክ ሶፍትዌሩን ለመከታተል ገና እዚያው ነበርና ሦስት ቀን ሰለለችው። ዘበኛውን ምን ይዞ እንደሚወጣ ጠየቀች። ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ደረጃ ላይ ቆሞ ሲስቅ አየችው፤ ጻፈችው። በመጨረሻም ወደ ሜዳን የተላከ የሽርጥ እሽግ መዝገብ ላይ አገኘች፤ ላኪ ፖልታክ፣ ተቀባይም ሲሆምቢንግ። እጅ ከፍንጅ! ወረቀቱን አጥፋ ሐጂው ቢሮ ገባች፤ ፖልታክንም አስጠራችው።

«ፓክ ሐጂ፣ ይህ ሰው ዘርፎናል። የዙማሮን ደንበኞች ሆን ብሎ ከቤቱ ደንበኛ ጋር ቀላቅሏል። ዕቃም ወደ አገሩ ያወጣል።»

ሐጂው ሙስበሃቸውን ማሽከርከር አቆሙ። ፖልታክ አልጮኸም፤ ያ የጠብ ድምፁ የት እንደገባ አይታወቅም። ላፕቶፑን ከፍቶ ሃያ ሰባተኛውን መስመር አወጣና አነበበው። «ጠየቅሁ፦ የቤተሰብ ስም ነው ወይ? መለሱ፦ አዎ፣ ትልቅ ዘር ነው። ጠየቅሁ፦ የአሻሻጭ ዓምድ አለ ወይ? መለሱ፦ የለም። ያረጋገጡት ቡ ኩስኒያ።» ከጎኑ ፊርማዋ አለ።

«እሽጉ የአባቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት ሽርጥ ያገለድማል። ቡ፣ እኔ እኮ የእውነት ጎሳ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ ሁሉ ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

ኩስኒያ ፊርማዋን አወቀችው። ያፈረችው በፊርማዋ ብቻ አልነበረም፤ ለእናቱ በመንገሩ ነበር ይበልጥ ያፈረችው። ሰውዬው አምኗት ነበር።

«ከመልእክቱ ወዲህ ስንት ሰው በቀጥታ ከኛ አዘዘ?» አሉ ሐጂው።

«ሰማንያ ሰባት» አለ ፖልታክ። «ዓምዱን ወደ ቦታው መመለስ ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እርስዎ ይመለስ ካሉ።»

ሐጂው ጺማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ አንዴ የሆነ ነገር ነው። ኢድ ይለፍና ኢንሻአላህ እናየዋለን።»

ኩስኒያ ይህችን ኢንሻአላህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታውቃታለች። አናየውም ማለት ናት። «ዛሬ ይመለስ፣ ፓክ ሐጂ» አለች።

ሐጂው ቀና ብለው ትኩር ብለው አይዋት። «ለመሆኑ ዙማሮ ምን ትሰጥሻለች?»

ዕድሜ ልኳን ሰውን ሁሉ በሆዷ ስትጠይቅ የኖረችው ይህንኑ ነው፤ እሷን ግን ደፍሮ የጠየቃት አልነበረም። ያማል ለካ። መልሱም እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት ውሸት ይላል።

«የደረቀ ዓሣ» አለች። «በበዓል በበዓል። ሌላ ምንም። ፓክ ሐጂ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያ ዓምድ የአሻሻጮች ስም ነው፤ ዘጠኝ ዓመት እኔ ነኝ የሞላሁት። ካወቀው ታሰናብቱኛላችሁ ብዬ እያወቅሁ ዋሸሁት። የዙማሮ ብቻ አይደለም፤ አርባ ሁለቱም እዚያው ናቸው። የሌሎቹም ደንበኞች መልእክቱ ደርሷቸዋል። ዙማሮ ቀድማ ሰማች እንጂ ነገ ሁሉም ይሰማሉ። ያን ጊዜ ሽርጡን ማን ይሸጥልዎታል?»

ሐጂው ሙስበሃቸውን አንድ ዙር ጨረሱ። «መልሰው» አሉት ፖልታክን። «ሌላም መልእክት ላክ፤ ስህተቱ የቤቱ ነው፣ ደንበኞቹ የአሻሻጮቹ ናቸው በል።» ወደ ኩስኒያ ሲዞሩ ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «አንቺ ከኢድ በኋላ ወደ መጠቅለያ ክፍል ተመለሺ። የምታውቂውን የማትናገሪ ሰው መዝገብ ላይ ላስቀምጥ አልችልም።»

ከቢሮው ሲወጡ ፖልታክ በሩን ያዘላት። አመሰግናለሁ ለማለት አፏ አልታዘዘላትም፤ አለማለቷ እስከ ቤቷ ድረስ አናደዳት።

በማግስቱ በሚኒባስ ባታንግ ሄደች። ቁርኣን ቤት የመሰለው የዙማሮ ሳሎን፣ ሐሙስ ሐሙስ ሴት የሚሞላበት፣ ባዶ ነበር፤ ምንጣፉም ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ዙማሮ በጾም የደረቀ ከንፈሯን እየላሰች ምንጣፉን ዘርግታላት አብራት ተቀመጠች። ኩስኒያ አፏን ሳትከፍት እሷ ቀደመች።

«ስህተቱ የቤቱ ነው የሚለውን መልእክት ዛሬ ጠዋት አየሁት። አንቺ ነሽ ያስላክሽው፤ አውቄያለሁ። ኩስ፣ ሰሞኑን ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ፖስታ አመላላሹን ጠረጠርኩ። ቱሚራን ራሷን ጠረጠርኩ። አማቼ ስልኬን አንድ ጊዜ ነክቶ ነበር ብዬ አራት ቀን ሰላም አላልኩትም፣ እስቲ አስቢው! ሴቶቹ 'ያቺ መዝገብ ያዧ ብትሆንስ?' ሲሉኝ ግን ተነስቼ ማልኩላቸው። በጾም ምድር፣ ቁርኣን ላይ እጄን አድርጌ፣ የኩስኒያ እጅ የለበትም አልኩ።»

ኩስኒያ መዋሸት ትችል ነበር። ፖልታክ ሩቅ አገር ሰው ነው፤ ባታንግን አያውቃትም፤ ስሙን ብትሰጣት ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለአፍታ አስባዋለች፤ እኔ ተራኪው ይህን መደበቅ አልችልም።

«የኔ እጅ ነው፣ ዩ» አለች። ሁሉንም ነገረቻት፦ ቀዩን ኮከብ፣ የማስሊካን የሩዝ ማብሰያ፣ ትልቅ ዘር ነው ያለችውን፣ ፊርማዋን። እያለቀሰች አልነበረም የነገረቻት፤ ቃል በቃል፣ ምንም ሳታስቀር ነበር።

ዙማሮ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከለች። ከዚያ፣ «እንግዲያ አማቼን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ» አለች። ተነሥታ ጓዳ ገባችና የልጅ ልጇን ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች፤ መሃሉን ገንጥላ ፊቷ አኖረችላት።

«ጻፊው።»

«ምኑን ዩ?»

«አሁን የነገርሽኝን። ሐሙስ ለሴቶቹ አነብላቸዋለሁ፤ የማልኩበትን ማውረድ አለብኝ። ቀኑንም ጻፊበት። ከሥር ደግሞ ስምሽን።»

ኩስኒያ ጻፈች። ገጹ ሞልቶ ሲያበቃ ፈረመችና በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠቻት። ዙማሮ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣቷን እያስኬደች ዝቅ ብላ አነበበችው። ፊርማው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና ከጀርባው ሌላ የተጻፈ ነገር እንዳይኖር አየች።